ዓይን የሌላቸው የዘሐራ ገበያተኞች

ዘሐራ፣

የአላህ እዝነት በአንቺ ላይ ይሁን። አፈር ከለበስሽ ሦስተኛው ክረምት ወጣ። ደብዳቤ መጻፍ እንደማልወድ ታውቂያለሽ። በሕይወት ሳለሽ አንድም ጽፌልሽ አላውቅም፤ በአንድ ጣሪያ ሥር ለሚኖር ሰው ደብዳቤ አይጻፍምና። አሁን ግን ልነግርሽ የሚገባ ነገር አለ። መቃብርሽ ላይ ቆሜ ብናገረው ሰው "ሽማግሌው ጃጀ" ይላል። ስለዚህ ጻፍኩት። ልጃችን ሐዋ ታነበዋለች፤ ለሚሰማትም ታነባለች። ይስሙት።

ቤቱ ቆሟል። ጣሪያው በጥይት ተበስቶ ነበር፤ በሬንጅ ደፈንኩት። ማንጎው ዘንድሮ ያለ ልክ አፈራ፤ ለቃሚ ግን አልነበረውም፤ መሬት ላይ በሰበሰ። የጥገና ሱቄን ታጣቂዎች ዘረፉት። ሬዲዮም ሰዓትም አላስቀሩልኝም። የኔ ቢሆን ግድ አልነበረኝም፤ የሰው ዕቃ ነው፣ አምነው የሰጡኝ። ሐዋና ባሏ ይመር ከእኔ ጋር ናቸው። ይመር አሁንም እዚሁ መርሳ ጂኦግራፊ ያስተምራል። ትምህርት ቤቱ ወንበር አልቀረለትም፤ ልጆቹ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይማራሉ።

ትንንሾቹ ሰዎችሽም አሉ። በእነሱ ምክንያት ይመር ሊሞት ነበር። የምጽፍልሽ ስለዚህ ነው።

አንቺ የምታውቂውን ለማያውቅ ሰው ስል ከሥሩ ልጀምር። ሐራ ላይ የባቡር ሐዲዱ ሲሠራ ሰዓቱን የጠገንኩለት የውጭ አገር መሐንዲስ ነበር። ወደ አገሩ ሲመለስ አንድ ካርቶን ትቶልኝ ሄደ። በውስጡ ከአውራ ጣት የማይበልጡ ግራጫ የፕላስቲክ ወታደሮች ነበሩ፤ ቀለም ያልነካቸው። በተሰባበረ አማርኛ እንዳስረዳኝ፣ በአገሩ ትልልቅ ሰዎች እነዚህን በቀጭን ብሩሽ ይቀባሉ፣ መቆሚያ ያበጁላቸዋል፣ ከዚያ ጠረጴዛ ላይ አሰልፈው ጦርነት ይጫወታሉ። ይህን ስነግርሽ መርፌሽን ጥልፉ ላይ ሰክተሽ ቀና አልሽ። "ጦርነት ይጫወታሉ? የእውነቱ አልቆባቸው ነው?" አልሽኝ።

ካርቶኑን ለጎረቤት ልጆች ልሰጠው ነበር። አንቺ አንዱን አነሳሽና በመስኮቱ ብርሃን አገላበጥሽው። "ይሄ እኮ የውርጌሳው ሰይድ ነው። ጨው ተሸክሞ ሲቆም ወገቡን እንዲህ ነው የሚሰብረው" አልሽ። ወታደር ነው አልኩ። ሰይድ ነው አልሽ። ጠመንጃውን ቁረጥልኝና ዱላ ይሁን አልሽኝ። አልቆርጥም አልኩ። ሰው የሠራውን ዕቃ እንደተሠራ መጠበቅ ነው ሥራዬ፤ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ሰዓት ስከፍት አንድ ጥርስ ጨምሬም ቀንሼም አላውቅም። በዚህ ተኳረፍን። በመጨረሻ ራስሽ ምላጭ አነሳሽ። ጣትሽን ትቆርጫለሽ ብዬ ነጠቅኩሽና ጠመንጃውን ቆረጥኩት። ሁልጊዜ እንዲህ ነበር የምታሸንፊኝ።

እግርሽ እምቢ እስኪልሽ ድረስ ክርና ጨሌ ይዘሽ መርሳን፣ ውርጌሳን፣ ጊራናን፣ ሐራን የዞርሽ ሴት ነሽ። ቤት ስትውይ ገበያው ናፈቀሽ፤ ስለዚህ ገበያውን ቤት አመጣሽው። ከቀለም ሱቅ በተረፈ ቀለምና በሐዋ የጥፍር ቀለም፣ ከፍየል ጭራ ባሰርኩልሽ ብሩሽ፣ አንዱን ሽርጥ አስታጠቅሽ፣ አንዱን ኮፍያ ደፋሽለት። "ሴት የሌለበት ገበያ የት አገር አለ?" ብለሽ ስንቱን ወታደር ሻሽ አስረሽ ሴት አደረግሽው። አንዳንዶቹን ደግሞ ጠመንጃቸው እንዳይቆረጥ ያልሽው አንቺው ነሽ። "ጠመንጃ ይዞ ገበያ የሚወጣም አለ፤ እሱም ሰው ነው፣ ተወው" አልሽኝ። ጎንበስ ብሎ መሬት የሚያየውን እኔን አደረግሽው። "የወደቀ ብሎን ሲፈልግ" ብለሽ ለጎረቤታችን ለእማ ፋጡማ አሳየሻትና ሁለታችሁ ሳቃችሁብኝ።

የእኔ ድርሻ መቆሚያው ነበር። የለስላሳ ቆርኪ ጀርባውን በሻካራ ወረቀት እፍቃለሁ፣ ኮላ እቀባለሁ፣ ሰውየውን አቆማለሁ፣ በእግሩ ዙሪያ አፈር እነሰንሳለሁ። ያገኘሁትን አፈር ሳደርግ ግን አልተቀበልሽኝም። "ሰይድ የመርሳ አሸዋ ላይ ቆሞ ምን ይሠራል? የአገሩን አፈር አምጣለት" አልሽ። ከዚያ ወዲህ በሚኒባስ በወጣሁ ቁጥር ከየገበያው አፈር በላስቲክ ቋጥሬ እመለስ ነበር። የሐራው አመድማ፣ የውርጌሳው ጥቁር፣ የጊራናው ቀላ ያለ። ረዳቱ "ፋዘር፣ አፈርም መሸጥ ጀመረ እንዴ?" እያለ ያሾፍብኝ ነበር። አንቺ ግን ላስቲኩን ፈትተሽ በጣትሽ ስታሺው እግርሽን ትረሺ ነበር። እንዳይደባለቅብኝ በቆርኪው ሆድ ትንሽ ወረቀት ለጥፌ የገበያውን ስም ጻፍኩ። ደንብ ነው። ስም የሌለው ዕቃ ይጠፋል።

አንቺም ደንብ ነበረሽ። ዓይን አትሠሪም። ፊታቸውን ጠይም ትቀቢና እዚያ ላይ ታቆሚያለሽ። "ነፍስ የማልዘራበትን ሰው ሙሉ አላደርግም። የቂያማ ዕለት አላህ ፊት ቆሜ 'ነፍስ ዝሪበት' ብባል ምን እመልሳለሁ?" ትዪ ነበር። እማ ፋጡማ "አንቺ ዘሐራ፣ ይሄ ሁሉ ዕውር ገበያ ወጥቶ ምን ሊገዛ ነው?" ስትልሽ እየሳቅሽ ብሩሽሽን አጠብሽ። በብዙ ነገር ተከራክሬሻለሁ። በዚህ አልተከራከርኩሽም።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ በእንቁላል መያዣ ካርቶን፣ ጥጥ አልብሼ፣ በየገበያቸው ለይቼ በቆርቆሮ ሳጥን አስቀመጥኳቸው። የመርሳ ሙቀት ኮላ ያላላል፤ ስለዚህ ሳጥኑን ከፀሐዩ ግድግዳ አራቅሁት። አልፎ አልፎ እያወጣሁ አቧራቸውን እጠርግ ነበር። ሌላ ጨዋታ የለኝም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ታጣቂዎቹ በወልድያ በኩል ወርደው መርሳ ሲገቡ ሰው ወደ ደሴ ሸሸ። እኔ ከቤቴ አልወጣም አልኩ። ሐዋ እኔን ትታ አልሄድም አለች፤ ይመር ሐዋን ትቶ አልሄድም አለ። ሦስታችንም ቀረን። ቤት ለቤት መሣሪያና የመገናኛ ሬዲዮ እየፈለጉ ነው፣ የጠረጠሩትንም ሰላይ ብለው ይወስዳሉ የሚል ወሬ ተሰማ። የተወሰደው ሁሉ አልተመለሰም።

ሐዋ ሳጥኑን ባየች ቁጥር በነጠላዋ ትሸፍነው ጀመር። "አባ፣ እባክዎ ይጣሉት፤ ወንዝ ይውሰደው። አንቱ ሬዲዮ ጠጋኝ ነዎት። ወታደር በሳጥን ሞልተው፣ ከሥሩ የአገሩን ስም ጽፈው! እኔ ልጅዎ እንኳ ሳየው እጠረጥርዎታለሁ" አለችኝ። ያልሰረቅኩትን አልደብቅም፣ ያላጠፋሁበትን አልጥልም አልኳት። "እንግዲያው ስሞቹን ይላጧቸው።" ስም አልልጥም አልኩ። ይመር ከደጅ ሆኖ "ተያቸው ሐዋ፣ አባ አንዴ ካሉ አሉ ነው" አለ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ደክሞት ነበር።

ረፋድ ላይ መጡ። ወጣቶች ነበሩ። አልጋውን ገለበጡ፣ ጤፉን ደፉ። አንዱ ሳጥኑን ከፈተና ጥጡን ገለጠ። ከሰዎችሽ አንዱን አውጥቶ ቆርኪውን ገለበጠና አነበበ። ሌላ አወጣ። "ጊራና። ሐራ። ውርጌሳ።" በቋንቋቸው ተነጋገሩ፤ ሌላው መሣሪያውን ከትከሻው አወረደ። ጠመንጃ የያዙትን ለብቻ እየለየ መሬት ላይ ደረደራቸው።

"የጦር አሰላለፍ ነው" አለኝ።

"ገበያ ነው" አልኩት።

"ፊታቸውን ለምን ደበቃችሁ? ማን ነው የሠራው?"

"እኔና ሚስቴ።"

"ሚስትህ የት አለች?"

"መቃብር።"

ሳቀ። ከዚያ ዓይኑ ይመር ላይ አረፈ። ሥራህ ምንድን ነው አለው። ይመር ዋሽቶ አያውቅም፤ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ አለ። "ካርታ ታስተምራለህ ማለት ነው። ሽማግሌ እንዲህ ያለ ነገር አይሠራም። ይሄ የአንተ ነው" ብሎ እጁን የኋሊት አሰረው። ሐዋ እግሬ ላይ ወደቀች። "አባ፣ አሻንጉሊት ነው ይበሉ! የልጅ መጫወቻ ነው ይበሉ!" አለች። በቤታችን ልጅ የለም። የሌለ ልጅ አምጣ ቢሉኝ ከየት አመጣለሁ? አሻንጉሊት አይደለም አልኩ።

ሰዎችሽን ጆንያ ውስጥ ሊገለብጧቸው ሲሉ እጄን ዘረጋሁ። እንዲህ አይያዙም አልኩ። አንዱ አፈሙዙን ደረቴ ላይ አደረገ። እንዲህ አይያዙም፣ አንገታቸው ይሰበራል፣ እኔ ራሴ ተሸክሜ አመጣላችኋለሁ አልኩ። ምን እንዳሰበ አላውቅም፤ አፈሙዙን አነሳ። አንድ በአንድ ጥጣቸውን አልብሼ በየጉድጓዳቸው መለስኳቸው። እነሱ ቆመው ጠበቁኝ። ከዚያ ሳጥኑን ታቅፌ በአስፋልቱ ከኋላቸው ሄድኩ። ይመር እጁ ታስሮ ከፊቴ፣ ሐዋ ነጠላዋን እየጎተተች ከኋላዬ። በር ሁሉ ተዘግቶ ነበር፤ ግን በየስንጥቁ ዓይን ነበረ።

ይመርን አስፋልት ዳር ወዳለ ባዶ መጋዘን አስገቡት። እኔን በረንዳው ላይ ወዳለ ጠረጴዛ ወሰዱኝ። ኃላፊያቸው ጠና ያለ፣ ጺሙ የሸበተ ሰው ነው፤ አማርኛው የጠራ። ሰዎችሽን እያወጣ ጠረጴዛው ላይ አቆማቸው። አልቸኮለም። ከግድግዳው ወዲያ የይመርን ድምፅ አንድ ጊዜ ሰማሁ። ከዚያ አልሰማሁም። ድምፁን ከሰማሁበት ጊዜ ይልቅ ያልሰማሁበት አስፈራኝ።

አፈሩን ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ስሞቹን ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ዓይን ለምን የላቸውም አለኝ፤ ቃልሽን እንዳለ ነገርኩት። ሰይድን በሁለት ጣቱ ይዞ ብዙ አየውና "አባት፣ ይህን ታሪክ ሌላ ሰው ቢነግርዎ ያምናሉ?" አለኝ። አሰብኩ። አላምንም አልኩት፤ ግን እውነት ነው። ሐዋ ከደረጃው ሥር ሰምታኝ ጭንቅላቷን ያዘች።

ኃላፊው ሰይድን አስቀመጠ። "እንግዲያው እንዲህ እናድርግ። ፊት የሌለው ሰው የሚስጥር ምልክት ይሆናል። ሚስጥር ከሌለበት ዓይን ቢኖረው ምንም አይጎድልብዎትም። ለአንዱ እዚሁ ዓይን ይሥሩለትና አማችዎን ይዘው ይሂዱ። እምቢ ካሉ ግን የሚደብቁት አለ ማለት ነው" አለኝ።

ሐዋ ሳልጠይቃት ሮጠች። ሮጣ ተመለሰች፤ ብሩሽሽንና የጥቁሩን ቀለም ጣሳ ይዛ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝ። "አባ" ብቻ አለች።

አላነሳሁትም። ዘሐራ፣ ይህን ሳልቀንስ እነግርሻለሁ። ይመር ከግድግዳው ወዲያ ሆኖ እኔ ተቀምጬ ብሩሽ አያለሁ። በሕይወቴ ሰው አስፈራርቶ ያሠራኝ ሥራ የለም። ያንቺ ደንብ ደግሞ ለገበያ የማወጣው የእኔ ዕቃ አይደለም። ሞተሻል፤ ፍቀጂልኝ ብዬ አልጠይቅሽም። ኃላፊው ሻይ አስመጥቶ ጠጣ። ወጣቶቹ ተሰበሰቡ። አንዱ "ሽማግሌው ለፕላስቲክ ብሎ ሰው ያስገድላል" አለ። ፀሐዩ ከጠረጴዛው ላይ እየለቀቀ ሄደ። ሐዋ አለቀሰች፣ ተቆጣች፣ ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠች። ያ እልኋ ከእኔ የወረሰችው ነው።

የዓሱር ሰዓት ሲደርስ ልስገድ አልኩት። ስገድ አለኝ፤ ያን ጊዜ አንቱታውን ተወው። ሰገድኩ። ስነሳ ምን እንደማደርግ አውቄ ነበር። ሰይድን እንድሠራ አቀረበልኝ። እሱን አልነካም አልኩ፤ በሰው ላይ አላደርገውም። ጎንበስ ያለውን፣ እኔን፣ ከመካከላቸው አነሳሁ። ኃጢአት ከሆነ በራሴ ላይ ይሁን።

እጄ እንደ ድሮው አይደለም። ለትንሽ ብሎን እንደማደርገው ትንፋሼን ያዝኩ፣ ክርኔን ጠረጴዛው ላይ ተከልኩ። አንዱን ነጥብ አሳረፍኩ። ሁለተኛውን ሳሳርፍ እጄ ከዳኝ። አንደኛው ዓይን ወደ መሬት አየ፣ ሌላው ወደ ጎን ሸሸ። "ሸውራራ አደረገው!" ብሎ አንዱ ወጣት ጮኸ፤ ሁሉም ሳቁ። ኃላፊው አልሳቀም። ሸውራራውን አየ፣ እኔን አየ። "የቀባችው ሚስትዎ ናት" አለ። እንደ ጥያቄ አልነበረም። ከዚያ ወደ በሩ ዞሮ "ልቀቁት" አለ።

ሰዎችሽን መለሰልኝ። ጠመንጃ የያዙትን ግን አስቀረ፤ ምን እንዳደረጓቸው አላውቅም።

ይመር ከንፈሩ አብጦ፣ ሸሚዙ ተቀዶ፣ አንድ እግሩን እየጎተተ ወጣ። ሐዋ ደገፈችው። ታቅፌው የነበረውን ሳጥን አየና ፊቱን አዞረ። ቤት ደርሶ ከታጠበ በኋላ ነው "አባ፣ ለምን ዘገዩ?" ያለኝ። ያደረግኩትን ሁሉ ነገርኩት። ሐዋ የውኃውን ጣሳ ቁጭ አደረገችና "አሰቡበት። ይመር ውስጥ ሆኖ አንቱ አሰቡበት" አለችኝ። አዎ፣ አሰብኩበት አልኳት። ደንብን ሳያስብ የሚያፈርስ ሰው ምን እንዳፈረሰ አያውቅም። በዚህ ቃል እስከ ዛሬ አልተስማማንም። ምሳዬን ታቀርብልኝ ነበር፤ አብራኝ ግን አትቀመጥም ነበር። ይመር አንድ ጆሮው በደንብ አይሰማም። ክፍል ውስጥ እየጮኸ ነው የሚያስተምረው ይላሉ።

ታጣቂዎቹ በበጋው ለቀው ሄዱ። የሸሸው ተመለሰ። እማ ፋጡማ ከደሴ መጥታ ነገሩን ስትሰማ "የግድ ነገር ነው፤ አላህ የግዱን ያውቃል፤ በቀለም ማቅጠኛ አጥፋውና ይውጣልህ" አለችኝ። ሐዋም አጥፉት አለች። አላጠፋሁትም። የሠራሁትን አልሠራሁም አላስመስልም። ነፍስ ዝራበት ብባል፣ በእሱ ላይ መዝራት አልቻልኩም፣ ግን በእሱ ምክንያት አንዲት ነፍስ ከመጋዘን ወጥታለች ብዬ እመልሳለሁ። መልሱ ካልበቃ ፍርዱን እቀበላለሁ። አንቺ በዚህ አትጠየቂም። ብሩሹ ያንቺ ነበር፤ እጁ የእኔ ነው።

በዚህ ሳምንት ይመር ወደ ክፍሌ ገባ። ከዚያ ቀን ወዲህ ገብቶ አያውቅም ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። የትምህርት ቤቱ ካርታዎች ተቃጥለዋል፤ ልጆቹ የአገራቸውን አፈር ከስም በቀር አያውቁትም አለ። "ገበያተኞቹን ለአንድ ቀን ያውሱኝ" አለኝ። አልሰጥህም አልኩት፤ አንተ መያዝ አታውቅበትም፣ ይዣቸው እኔው እመጣለሁ። ሊስቅ ሲል ከንፈሩ ላይ ያለው ጠባሳ ያዘው። ከዚያ ዓይን ወዳለው ሳያይ በጣቱ አመለከተ። "እሱ ግን ቤት ይቅር አባ። እሱን ማየት አልችልም" አለ። ይቅር አልኩት። መብቱ ነው። ሐዋ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ገብታ ከይመር አጠገብ ተቀመጠች።

ነገ ሰዎችሽን ይዤ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። ማን ቀባቸው ብለው ሲጠይቁኝ ዘሐራ የምትባል፣ እነዚህን ገበያዎች በእግሯ የዞረች ሴት እላለሁ። ዓይናቸው የት ሄደ ሲሉኝ ደግሞ ምክንያትሽን እነግራቸዋለሁ፤ ቢሳለቁም እነግራቸዋለሁ። የቀረኝ ዕድሜ አንቺን የማስታወስ ሥራ ነው። ሥራ ጀምሬ ትቼ እንደማላውቅ ደግሞ ከአንቺ በላይ የሚመሰክር የለም።

ባልሽ